የበዓል ጌጥ ለአባባ እጅ

ታላቅ እህቴን ቤተሰቡ በሙሉ ሚስማር ይላታል። ስሙን ያወጡላት አባባ ናቸው። ልጅ ሳለች የአናጢ ሥራ ቤታቸው ውስጥ ገብታ አንድ ጥግ ይዛ ከቆመች በልመናም በቁጣም አትወጣም ነበርና፣ "ይቺስ ሚስማር ናት" አሉ፤ በዚያው ቀረ። ዛሬ ጸጉሯ ገብስማ ሆኗል፤ የራሷ የመጋረጃ ስፌት ቤት አላት፤ ደንበኞቿም ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ለእኛ ግን ያው ሚስማር ናት። እኔ የሁሉም ታናሽ ነኝ፤ ባለፈው የብርድ ወቅት ደግሞ ደመወዝ የሌላት መሰላል ያዥዋ ነበርኩ።

ነገሩ የተጀመረው በወንድማችን ሳሎን ነው። አባባ ዓይናቸው ከጠፋና ከአሮጌው የገጠር ቤታችን በረንዳ ላይ ከወደቁ ወዲህ የሚኖሩት ከተማ፣ እሱ ዘንድ ነው። ወንድማችን የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ፍርሃቱ ግን ደግነቱን ይቀድመዋል። አባባን ከሶፋ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሶፋ ልክ እንደ እንቁላል ይዞ ያመላልሳቸዋል። ያን ቀን ልንጠይቃቸው ሄደን ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ አባባ ጠረጴዛውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉትና ፈገግ አሉ።

"ይሄ እኮ እንጨት አይደለም፤ የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጠርጌ ስጥለው የኖርኩትን ዛሬ ምሳ ይበሉበታል!"

ሁላችንም ሳቅን። የእሳቸው ሳቅ ግን ወዲያው ጠፋ። "እዚሁ ሰጋቱራ ላይ ልሞት ነው ማለት ነው" አሉ፣ ማንንም ሳያናግሩ። አንጀቴን በሉት።

ሚስማር ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ለበዓል ቤታችን እንገባለን" አለች። "አባባም ይመጣሉ። ከዚያ በኋላም እዚያው ይቀራሉ። እኔ ማሽኔን ጠቅልዬ አብሬያቸው እገባለሁ።"

"ማን ነው እየያዘ የሚያስኬዳቸው? አንቺ ስትሰፊ ውለሽ?" አለ ወንድማችን።

"ማንም። በገዛ ቤታቸው ማን ይይዛቸዋል?"

"አብደሻል እንዴ?"

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ባልጽፈው ይሻላል። ነገሩ የበረደው ወንድማችን ራሱ በደከመው ጊዜ ነው። "እሺ" አለ። "የበዓሉ ቀን ከውጪው በር እስከ አልጋቸው ብቻቸውን ሲሄዱ በዓይኔ ካየሁ ይቀራሉ። ሲደናበሩ ካየሁ ግን በመጣንበት መኪና እመልሳቸዋለሁ፤ ሁለተኛ የዚያን ቤት ነገር እንዳታነሱብኝ።" አባባ ጠረጴዛውን በጣታቸው መምታት አቆሙ።

ቤቱን ስንከፍተው የተቀበለን የአይጥና የቆየ አመድ ሽታ ነው። ወለሉ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ጫማዬን አልፎ ተሰማኝ። ሚስማር ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ መስኮቶቹን ከፋፈተች፣ ምድጃው ውስጥ እሳት አቀጣጠለች፤ ከዚያ እናታችን በሕይወት ሳለች በየዓመቱ ቤቱን ታስጌጥበት የነበረውን የጌጥ ካርቶን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጎትታ አወጣች። የሚያብረቀርቁ የወረቀት ኮከቦች፣ የመስታወት ኳሶች፣ የተጠላለፈ የመብራት ገመድ፤ ሁሉም እንዳለ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ስንሰቅል ዋልን። እሷ ከላይ ታዛለች፣ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ አንገቴን አንጋጥጣለሁ። ሲያልቅ መብራቱን አበራንና ሳሎኑ አንዴ ቦግ አለ። እናታችን የገባች መሰለኝ።

ሚስማር በሩ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨፍናም ብዙ ቆየች።

"አውርጂው" አለች።

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

"እትዬ፣ እኔ ላይ ነው እንዴ የምትቀልጂው? ወገቤ እኮ ተቆረጠ!"

"ለማን ነው የሰቀልነው? አባባ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ነው የሚያዩት?"

ምላሴን ነክሼ መሰላሉን መልሼ አቆምኩ።

በማግስቱ የልብስ ስፌት ማሽኗን በጭነት መኪና አስመጣችና ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረችው። ከመጋረጃ ቁርጥራጭ ወፍራም ገመድ ጎነጎነች። ገመዱን አባባ ሲሄዱ እጃቸው በሚውልበት ከፍታ ከውጪው በር ጀምራ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ እስከ አልጋቸው ድረስ ዘረጋችው። በየመሐሉ የጥድ ቅጠልና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ አሰረችበት። በየበሩ አጠገብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጨርቅ ሰፋችበት፦ ሳሎኑ ጋ ከፋይ፣ የሥራ ቤታቸው ጋ ሸራ፣ መኝታ ቤቱ ጋ ሱፍ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ጨርቅ መምረጥ አቃታት። ቆይታ ቆይታ ሄዳ የእናታችንን ሽርጥ አመጣችና እሱን ሰፋችው። አባባ በወደቁበት የበረንዳ ደረጃ መደገፊያ ጫፍ ላይ ትንሽ ቃጭል አንጠለጠለች። ለዓይን ብዙም አያምርም፤ እውነቱን ልናገር። ዓይን ጨፍኖ ለሚሄድበት ግን ቤቱ በሙሉ በዓል በዓል ይሸታል።

እዚህ ላይ ብናቆም ምን ነበረበት! እኛ ግን የአናጢ ልጆች ነን። በእኛ ቤት ሲጥ የሚል በር ዝም ብሎ ማለፍ፣ በሌላው ቤት በጭቃ ጫማ አልጋ ላይ እንደ መውጣት ነው። ስለዚህ ጌጡ ሲያልቅ ሁለታችንም እጃችን አላርፍ አለ። የሚታገለውን በር በመላጊያ ላግን፣ ማጠፊያውን ሁሉ ግራሶ ቀባን። ኮሪደሩ መሐል ላይ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ በተረገጠ ቁጥር የሚያለቅስ አንድ ጣውላ ነበር። እናታችን "ኧረ በናትህ ምታልኝ" እያለች ስትጨቀጭቅ አባባ "ነገ" ሲሉ የኖሩለት ጣውላ ነው። ሚስማር ሚስማሯን በአፏ ይዛ ተንበረከከችና ደህና አድርጋ ቀጠቀጠችው። ከዚያ በተረከዛም ጫማ ተመላለሰችበት። ጭጭ!

"አየሽ? አባባ ሲሰሙ ይኮሩብናል" አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

የበዓሉ ቀን ረፋድ ላይ መኪናው ግቢ ገባ። ወንድማችን አባባን አወረዳቸው፤ ሻንጣቸውን ግን አላወረደም። "ጋሼ፣ ሻንጣውስ?" ስለው "ይቆይ" አለኝና ዓይኑን አሸሸ። ደሜ ፈላ፤ ግን በዓል ነው ብዬ ዋጥኩት።

አባባ የበረንዳውን መደገፊያ ያዙ፣ ቃጭሉ ጮኸ፣ ፈገግ አሉ። "ጥድ ነው" አሉ እየሸተቱ። "እርጥብ ነው፣ ትናንት የተቆረጠ።" ደረጃውን ብቻቸውን ወጡ። ውስጥ ገብተው እጃቸው ገመዱን ሲነካ ግን ፊታቸው ተቋጠረ።

"ምንድን ነው ይሄ? በገመድ ልትጎትቱኝ ነው?"

"ጌጥ ነው አባባ" አለች ሚስማር። "ካሻዎት ይያዙት፣ ካላሻዎት ይተዉት።"

ተዉት። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ እንደ ባለቤት፣ ወደ ኮሪደሩ ገቡ። ሦስታችንም ከኋላቸው ቆመን እግር እግራቸውን አየን። መጀመሪያ ደህና ሄዱ። ከዚያ ቀስ አሉ። ቆሙ። በእግራቸው ወለሉን ዳበሱት፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ዳበሱት። እጃቸውን ዘርግተው ባዶ አየር ዳበሱ።

"የማን ቤት ነው ያመጣችሁኝ?" አሉ።

"የእርስዎ ቤት ነው እኮ አባባ" አልኩ።

"የኔ ቤት ያወራል። ይሄ ጭጭ ያለ ነው።"

ወንድማችን ክንዱን ዘርግቶ ተራመደ። "በቃ አባባ፣ ይያዙኝ።"

"እንዳትነካቸው!" ሚስማር ጮኸች። ፊቷ ክው ብሏል። "አባባ፣ ጣውላውን መታሁት። እኔ ነኝ የመታሁት።"

"የቱን?"

"ያን የሚያለቅሰውን።"

አባባ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። "ያን ጣውላ ያን ሁሉ ዘመን ያልመታሁት ሰንፌ መሰላችሁ? ማታ ማታ እናንተ ስትገቡ እንድሰማ ነው እንጂ። እሱ ሲጮህ ማን እንደገባ፣ ማን ውጪ እንደቀረ አውቅ ነበር። የሁላችሁንም ካልሰማሁ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አይዞርም። ዓይኔ ከጠፋ በኋላ ደግሞ በሱ ነበር የምዞረው፤ እሱ ሲጮህ ወጥ ቤቱ በግራዬ ነው።"

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሚስማር ግን ለእንደዚህ ዓይነቱ ነገር ጊዜ የላትም። የበዓል ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጫማዋን ወርውራ፣ ጉጠት ይዛ ተንበረከከች።

"በዓል ቀን ወለል ልትነቅይ?" አለ ወንድማችን።

"መኪናህ ጥሎህ አይሄድም፤ ቁጭ በል!"

ራሷ አጥብቃ የመታችው ነውና ሚስማሩ እምቢ አለ። ላቧ በፊቷ ወረደ፤ ጉጠቱ ሁለቴ ከእጇ አመለጠ። አባባ ትንፋሿን ሰምተው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ምን አስደግፈሽ ነው የምትነቅይው?"

"ምንም።"

"ጣውላዬን ልትሰብሪው ነው! ቁራጭ እንጨት አድርጊበት።" ይህን ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ራሳቸው ተንበረከኩ። ወለሉን ኳ ኳ አደረጉት፣ ጣታቸውን ሰደዱ። "አንዱ ይኸውና። እዚህም አለ። እዚህም? አንቺ ልጅ፣ መርከብ ልትሠሪ ነበር እንዴ?"

ሚስማር በላቧ ውስጥ ሳቀች። እሳቸው እያገኙ፣ እሷ እየነቀለች፣ የመጨረሻው ሲወጣ ጣውላው ብድግ አለ። አባባ ተነሥተው ረገጡት። ሲ...ጥ! ፊታቸው በራ። ወደ ግራ ዞረው እጃቸውን ሲዘረጉ የወጥ ቤቱን በርና እሱ ላይ ያለውን ጨርቅ አገኙ። ጠርዙን በጣታቸው አሹት፤ እናታችን ምድጃ ላይ ያቃጠለቻትን ትንሽ ቀዳዳ እስኪያገኙ ድረስ።

"ሽርጧ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ገመዱን ማንም ሳይለምናቸው ያዙት። "ሸራ፤ ይሄ የሥራ ቤቴ ነው። ይሄ ደግሞ ሱፍ።" መኝታ ቤታቸው ገቡ፣ አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉና ራስጌውን በጣታቸው መቱት።

"እንጨት!" አሉ።

ወንድማችን ግን አሁንም የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ያሽከረክራል። "ዛሬ ሆነላችሁ" ብቻ አለ። አመሻሽ ላይ አባባ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ እኛ ወጥ ቤት ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ሚስማር እንጨት ልታመጣ ወጣች። ጣውላው ሲጥ አለ።

"ሚስማሬ!" አሉ አባባ ከውስጥ። "ጫማ አድርጊ፤ ወለሉ ይበርዳል።"

በባዶ እግሯ ነበረች። እናታችንን ስንቀብር ያላለቀሰች እህቴ ኮሪደሩ መሐል ቆማ አለቀሰች፣ ያላንዳች እፍረት። ወንድማችን ከወንበሩ ተነሥቶ በአጠገቧ አለፈና ወደ ውጪው በር አመራ። ጣውላው እንደገና ጮኸ፣ አሁን ጠንከር ብሎ።

"ይሄ ከባዱ አንተ ነህ" አሉ አባባ። "ወዴት ነህ?"

"እዚሁ ውጪ ነኝ አባባ።"

"እንግዲያው ስትመለስ ሻንጣዬን ይዘህልኝ ግባ።"

ይዞ ገባ። ጣውላው ጋ ሲደርስም ቆም አለና፣ ሆን ብሎ በሁለት እግሩ ረገጠው።