የኔታን ከቴአትር ቤት ያስወጣች «ይበል»

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ... እኔና የኔታ አዲስ አበባ፣ ያ ስሙን ስንሰማው የኖርነው ትልቁ ቴአትር ቤት ውስጥ ተቀምጠናል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ሞጣ ላይ ጨርቅ እነግዳለሁ። የኔታ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ቢቸና ቅኔ ሲያስተምሩ ነው ጸጉራቸው የሸበተ።

የመጣነው አገር ለማየት ነው። ለእሳቸው ግን ሌላው ሕንፃ ምናቸውም አልነበረ። «ያን ግጥም የሚነገርበትን ቤት ሳላይ እንዳልሞት» እያሉ ስንት ክረምት ጨቀጨቁኝ መሰላችሁ።

ቴአትሩ ልጇ ስለታሰረባት እናት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ የማየው የጣሪያውን መብራት ነበር። የኔታ ግን ትንፋሻቸውን ውጠው ነው የሚያዳምጡ። ዳኛው ሊፈርድ ሲል እናትዮዋ ወደ ሕዝቡ ዞር አለችና...

«‹ልጄን ማር› ብዬው ከፊቱ ሳለቅስ፣
ዳኛው ማድጋ ሰጠኝ ሞልቼ እንድመልስ።»

እሷ ማር ያለችው ይቅር በልልኝ ስትል ነው። እሱ ጉቦ የለመደ ነውና የሚላሰውን ማር ሰማ። አዳራሹ ጭጭ አለ። የገባው ሰው መኖሩንም እንጃ።

የኔታ ብድግ ብለው «ይበል... ይበል» አሉ፣ ቅኔ ቤት በለመደው ድምፃቸው።

ታዲያ ምን ይበሉ? በእኛ አገር ጥሩ ቅኔ ሲሰማ «ይበል» ይባላል። ዝም ያለ ወይ አልገባውም፣ ወይ ምቀኛ ነው።

አስተናባሪው ባትሪውን እያበራ መጣ። «አንተ ሽማግሌ፣ ጠጅ ቤት መሰለህ እንዴ? ውጣ» አይላቸውም! አንተ... ስንቱ ካህን ጉልበታቸውን ስሞ የተማረባቸውን ሰው፣ አንተ!

«ኧረ እያመሰገኑ ነው» አልኩት።

«እዚህ ዝም ተብሎ ነው የሚሰማ» አለና ጋቢያቸውን ይዞ እየጎተተ አስወጣቸው። እኔም ተከትዬ ወጣሁ።

የኔታ አልተቆጡም። ጆሯቸውን የተዘጋው በር ላይ ለጥፈው «ዳኛው ልጇን ማረላት ይሆን?» ይላሉ። አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ፉጨትም አለበት። ቴአትሩ አልቋል።

«እነዚህንስ መቼ ነው የምታስወጣቸው?» አልኩት አስተናባሪውን።

«ይሄማ አድናቆት ነው» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

የኔታ ጠጋ ብለው «እባክህ ልጄ፣ ልጇ ተማረላት ወይ?» ብለው ለመኑት። እሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ወደ ውስጥ ገባ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ የኔታም ፍርዱን ሳይሰሙ ዓመት ሳይሞላው አረፉ።

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል... ለመሆኑ እዚያ ቤት ግጥም የሚነገረው ለጆሮ ነው ወይስ ለእጅ?