የእሑድ እህት

እሑድ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ የሆስፒታላችን በር ላይ ያለው ሰልፍ ቁልቁል ወደ ቀጨኔ እስከሚወስደው መታጠፊያ ድረስ ይደርስ ነበር። ሳህን በጨርቅ የቋጠረ፣ ብርቱካን በዘንቢል የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ሁሉም ጠያቂ ነው። እመሀል ላይ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች፣ ቀይ ፔርሙስ ያቀፈች ሴት ትቆማለች። እዚያው ሆስፒታል የወንዶች ዋርድ ረዳት ነርስ እኮ ናት! በሠራተኛ በር ሰተት ብላ መግባት ስትችል ትሰለፋለች።

ስሟ ወለተማርያም ነው። እኛ እትዬ ወለቴ እንላታለን። እኔ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ካርድ ክፍል የምሠራዋ ረሂማ ነበርኩ። እሷን አንስቼ ሳወራ አፌ አይያዝም፤ ታገሱኝ እንግዲህ።

በሩ ላይ ጋሽ ለታ የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ የጠያቂ መዝገብ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ተራዋ ሲደርስ በሕይወታቸው አይተዋት እንደማያውቁ ሆነው ቀና ይላሉ።

«ማንን ነው?»

«አልጋ ዐሥራ አንድን።»

«አልጋ ሰው አይደለም። ስም!»

«ደቻሳ።»

«ምንሽ ነው?»

«ያው እንደተለመደው ይጻፉት እንጂ፣ ጋሽ ለታ።»

ጋሽ ለታ እርሳሳቸውን በምላሳቸው አርጥበው «እህት» ብለው ይጽፋሉ። ደንቡ ነዋ፤ ዝምድናው ካልተጻፈ ማንም አይገባም። «አንቺ ሴትዮ» ይላሉ፣ እየጻፉ። «በጥር ባጫ ነበር፣ ከዚያ በፊት ኑሪ፣ አሁን ደሞ ደቻሳ። ለመሆኑ እናትሽ ስንት ነው የወለዱት?»

«ገና አልጨረሱም።»

እሷ ትገባለች፣ ከኋላዋ የቆመው ይስቃል፣ ጋሽ ለታ ግን አይስቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥየቃ ሰዓት ዋርዱ ሠርግ ቤት ይመስላል። እያንዳንዱ አልጋ ዙሪያ አምስት ስድስት ሰው ቆሞ ያጎርሳል፣ ይመርቃል፣ ይቆጣል። ጠያቂ የሌለው በሽተኛ ደግሞ አለ። እሱ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርና የተኛ ይመስላል። እንደማይተኛ እትዬ ወለቴ ታውቃለች። ሳምንቱን ሙሉ ስታጥበው፣ ስታገላብጠው፣ አንሶላውን ስትቀይርለት ከርማ፣ በእረፍት ቀኗ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ እንደ ሰው ትጠይቀዋለች።

«በጋዋንሽ ብትገቢስ? ሰልፉ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት አንድ ቀን።

«በጋዋን ከገባሁ ፖፖ ላነሳ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «በነጠላ ስገባ ነው ለሱ ብዬ የምመጣው። በሽተኛ ልዩነቱን አይስተውም፣ ረሂማ።»

ደቻሳን መጀመሪያ የጠየቀችው ዕለት እኔም ካርድ ላደርስ ዋርዱ ውስጥ ነበርኩ። ደቻሳ ከወለጋ መጥቶ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ በመኪና የሚጭን ወዛደር ነበር፤ ግንድ ተንከባሎበት ዳሌው ተሰብሮ ነው የገባው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ዘመድ የለውም። አልጋው ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ ዓይኑን ገለጠ።

«ተሳስተሻል መሰለኝ፣ እኔ ጠያቂ የለኝም።»

«ደቻሳ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ግን አንቺ... ትናንት ጠዋት ያጠብሽኝ አይደለሽም?»

«ያቺ ሌላ ናት። እሷ ሰኞ ትመጣለች። በል አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ!»

ሰውየው ሳቁ ዳሌውን አሳመመውና አቃሰተ። ከዚያ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ፀጉሩን በእጁ እያስተካከለ በሩን ሲያይ ነው የሚገኘው።

አሁን የምነግራችሁን ከሷ አፍ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ግን እዚህ ካልገባ ሌላው አይገባችሁም። እትዬ ወለቴ ዓምሃ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነበራት። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እሷ ናት ያሳደገችው። በ1970 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለ ወታደሮች ከቤት መጥተው ወሰዱት። ለአራት ወር እሑድ እሑድ ይኸንኑ ቀይ ፔርሙስ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ተሰልፋለች። ወታደሩ «ምንሽ ነው?» ይላታል፣ «እህቱ ነኝ» ትላለች፣ ይጽፋል። አንድ እሑድ ፔርሙሱ ሳይከፈት ተመለሰላት። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አሏት። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ማልቀስ ያስጠይቅ ነበርና ድንኳን አልተተከለ፣ ጥቁር አልለበሰች። ሰኞ ጠዋት ሥራዋ ላይ ተገኘች።

በሚቀጥለው እሑድ እጇ ለምዶባት አጥሚቱን ሠራችው። ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ነው የሚጠጣው ሰው እንደሌለ ትዝ ያላት። ፔርሙሱን ታቅፋ ብዙ ከተቀመጠች በኋላ ተነሥታ ወደ ሆስፒታሉ ወጣች፣ ሰልፍ ያዘች።

እንግዲህ በ1975 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ምርጫ መጣ። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ዳኜ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ወረቀት ላይ ያለውን ብቻ የሚያይ ሰው ነበር። ዕጩ ጠቁሙ ሲል ከወጥ ቤት አንዷ «ወለተማርያም!» ብላ ጮኸች። እጅ አውጡ ሲባል አዳራሹ በሙሉ ጫካ ሆነ። ዶክተሮቹ ሳይቀሩ! እኔ ሁለቱንም እጄን አውጥቼ ጓድ ዳኜ ተቆጣኝ።

በማግሥቱ እትዬ ወለቴ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ረሂማ፣ ስሜን አሰርዢልኝ።»

«አበድሽ እንዴ! ምን ሆነሽ?»

«ሪባኑን የሚሰካው ቤተሰብ ነው አሉኝ።»

እውነት ነው። የሆስፒታላችን ልማድ ነበር፤ የምስክር ወረቀቱን ኃላፊው ይሰጣል፣ ቀዩን ሪባን ግን ተሸላሚው ደረት ላይ የሚሰካው ከቤተሰቡ አንዱ ነው። ባለፈው ዓመት ልብስ እጥበት ክፍል የምትሠራው የዓለምወርቅ ተሸልማ፣ ሰባት ልጆቿ መድረክ ላይ ተጋፍተው፣ ሪባኑን ሊሰኩ እናታቸውን በመርፌ ወግተዋት ነበር።

«እኔ እሰካልሻለሁ» አልኳት።

«አንቺ ሠራተኛ ነሽ። ፎርሙ ላይ ቤተሰብ ይላል።» ነጠላዋን አጠበቀች። «አየሽ፣ አሁን ብቻዬን መሆኔን የማውቀው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ሁለት መቶ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል። እሱን አልችለውም።»

እኔም ሮጬ ጓድ ዳኜ ዘንድ። ፎርሟን ፊቱ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። የቤተሰብ ስም በሚለው መስመር ላይ በጥንቃቄ «የለኝም» ብላ ጽፋለች።

«ምስጉን ሠራተኛ ስሙን አያሰርዝም» አለኝ። «ደግሞስ ቤተሰብ የሌለው ሰው አለ? ትሕትናዋ ነው። አጣራለሁ።»

ምን እንደሚያጣራ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

በዓሉ እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሆነ። ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል፣ አግዳሚዎቹ ሞልተዋል። ከፊት ለተሸላሚዋ ቤተሰብ ተብለው ሁለት ወንበሮች ባዶ ተቀምጠዋል። እትዬ ወለቴ የታጠበ ጋዋኗን ለብሳ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ከወንበሮቹ ሌላ የምታየው ነገር ያለ አይመስልም። ጓድ ዳኜ ወረቀት አወጣ።

«ጓዶች! ጓድ ወለተማርያም ከትሕትናዋ የተነሳ ቤተሰብ የለኝም ብላ ነበር። እኛ ግን ከጠያቂ መዝገብ አጣርተን ደርሰንበታል። ጓድ ወለተማርያም የብዙ ወንድሞች እህት ናት! ስማችሁ ሲጠራ ወደ ፊት!»

መዝገቡን ገልብጦ «እህት» የሚለውን ሁሉ ለቅሞታል።

«ባጫ!»

ዝም። የባጫን ካርድ የዘጋሁት እኔ ነኝ። በጥር ነው የሞተው፤ ዓይኑን የከደነችው እሷ ናት።

«ኑሪ!»

ኑሪ ድኖ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

«ጀላል!»

ጀላልም ሞቷል። የወንዶች ዋርድ ነርሶች አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ወለቴ ስም በተጠራ ቁጥር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በጣም በቀስታ ራሷን ትነቀንቃለች። ለአንዳቸውም ሳታለቅስላቸው ነበር የሄዱት፤ አሁን ስማቸው በድምፅ ማጉያ እየተጠራ ዓይኗ ሞላ። ጓድ ዳኜ ግን ይጠራል።

«ዓለሜ!» ዝም። «ደቻሳ!»

«አቤት!»

ሰው ሁሉ ዞረ። በሩ ላይ ደቻሳ በሁለት ክራንች ተንጠልጥሎ ቆሟል፤ የሆስፒታል ፒጃማ ለብሷል፣ ፀጉሩ በውኃ ተለጥፏል። አጠገቡ ጋሽ ለታ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ለካ ዓርብ ዕለት ጓድ ዳኜ መዝገቡን ሲገለብጥ አይተው ነገሩ ገብቷቸዋል! በሽተኛ ከዋርድ ማስወጣት ከሥራ ያስባርራል፤ እሳቸው ግን አስወጡት።

«ቶሎ ና እንጂ፣ ጓድ» አለ ጓድ ዳኜ።

«እየመጣሁ ነው! ዳሌዬን አንተ አልሰበርከው፣ አታስቸኩለኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ቷ... ቷ... እያለ ያንን ሁሉ መንገድ መጣ። መድረኩ ሥር ሲደርስ አንዱን ክራንች ለጋሽ ለታ ሰጠ። ሪባኑን ተቀበለ።

«ጎንበስ በይ እንጂ፣ እህቴ።»

ጎንበስ አለች። ሰካላት፤ ጠማማ ሆነ፤ ነቅሎ እንደገና ሰካላት። ጭብጨባው ጆሮ ያደነቁር ነበር። እኔማ እያለቀስኩ እስቃለሁ!

ጓድ ዳኜ ወረቀቱን እያየ «ሌሎቹ ወንድሞቿስ?» አለ።

«ሩቅ አገር ናቸው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ለታ።

«ሲመለሱ እንኳን ደስ ያላችሁ በሏቸው።»

ከበዓሉ በኋላ ቀጨኔ ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። በቁልቁለቱ ላይ እኔ ስለፈልፍ እሷ የምስክር ወረቀቱን ነጠላዋ ሥር አድርጋ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቆመች።

«ጋሽ ለታ ሁሉንም ጽፈዋቸዋል» አለች። «አንዱ ብቻ ነው ያልተጠራው።»

«ማን?» አልኩ፣ ሞኟ።

ስንደርስ በሩን ከፍታ አስገባችኝ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ በርጩማ፣ ሣጥን። ሣጥኑን ከፍታ ከልብስ ሥር ባለመስታወት ክፈፍ አወጣች። አንድ ቀጭን ልጅ በትምህርት ቤት ሹራብ ሊስቅ ሲል የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ዓምሃን ያየሁት፣ ታሪኩንም የሰማሁት ያን ቀን ነው። አምስት ዓመት ሣጥን ውስጥ ኖሯል፤ እንደሱ ተወስዶ የቀረ ሰው ፎቶ ግድግዳ ላይ አይሰቀልማ። ተርካ ስትጨርስ የክፈፉን ጀርባ ከፈተች፣ የምስክር ወረቀቱን ከፎቶው ፊት አስገብታ መልሳ ዘጋችው፣ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ሰቀለችው።

«አሁን የሚገባው ሁሉ ማኅተሙን ያያል» አለች። «እሱም ግድግዳው ላይ ሆነ።»

ተጠግቼ ክፈፉን ቀጥ አደረግሁት።

ጋዋኗን አወለቀች። ሪባኑን ከደረቷ ነቅላ ሚስማሩ ላይ አንጠለጠለችው፤ ጠያቂ ሪባን አያደርግም አለችኝ። ፔርሙሱን ሞላች። ከመውጣታችን በፊት የክፈፉን መስታወት፣ ልክ የበሽተኛ ግንባር እንደምትጠርግበት አድርጋ፣ በመዳፏ ከላይ ወደ ታች ጠረገችው። ከዚያ በሩን ቆለፈች።

«ነይ ፍጠኚ፣ ሰልፉ ሳይረዝም። አልጋ ስድስት ትናንት አንድ ሽማግሌ ገብተዋል፣ ሰው የላቸውም።»