ለእማማ ድመት የቀዳሁት ሽሮፕ

ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሐኪም አድርጎኛል። እኔም አልጠላሁትም፣ ለምን እዋሻለሁ! አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ድመታቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። እግሯን የሆነ ነገር ነክሷት ታነክሳለች፤ ሰውነቷም ይፋጃል።

"ልጄ፣ እሷ ከሄደች ቤቱ ጭር ይልብኛል" አሉኝ።

ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። ኪሎዋን አይቼ "ይቺማ ሕፃን ማለት ናት" አልኩና፣ በሕፃን ልክ የፓራሲታሞል ሽሮፕ በሁለት ሲሪንጅ ቀዳሁላቸው። አንዱን አሁን፣ አንዱን ጠዋት። ኮርቼ ነበር እኮ! አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእኔ ነው።

በማግስቱ ገና ሳልከፍት በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የድመቷ ፊት አብጧል፤ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ድዷን ገለጥ ባደርገው ቡናማ ሆኗል። ቡናማ! ክው አልኩ። ባጃጅ አስቁመን ዘነበወርቅ አካባቢ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ በረርን።

ሐኪሙ ምን እንደሰጠናት ጠየቀ፤ ነገርኩት።

"ፓራሲታሞል? ለድመት?" አፈጠጠብኝ። "ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! "መድኃኒት ቤት አለኝ" አልኩት። የድመት ጉበት እንደ ሰው እንዳልሆነ፣ መድኃኒቱን ማስወገድ እንደማይችል፣ መርዙ ደሟን አበላሽቶ አየር እንዳይሸከም እንደሚያደርገው ነገረኝ። ዋናው ማርከሻ እጁ ላይ የለም። ያለው ቫይታሚን ሲ ነው። ቫይታሚን ሲ! ለጉንፋን ስቸበችበው የኖርኩት!

"ደሟን ለመመለስ ይረዳል" አለና ወጋት። "ግን አንዴ ከሆነ ነው። ሁለቴ ከወሰደች ተስፋ አታድርጉ። ስንቴ ሰጣችኋት?"

"ሁለቴ" አልኩ እንባዬ እየቀደመኝ። ያዘዝኩት እኔው ነኝ።

 እማማ እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ።

"ልጄ፣ በጌታ ይዤሻለሁ፣ እንዳትቆጪኝ። የጠዋቱን እኔ ጠጣሁት። ጉልበቴን ሲጠዘጥዘኝ አድሮ ነው። የእሷን ድርሻ ወስጄባት ነው እንዲህ የሆነችው። ይቅር በይኝ።"

ሐኪሙ እፎይ አለ። እኔ ግን እግራቸው ሥር ወደቅሁ። "እማማ፣ የመረዝኳት እኔ ነኝ! እርስዎ ባይጠጡት ሞታ ነበር!" ብዬ ጮህኩ። አቅፈው አነሱኝ።

ድመቷ በሦስተኛው ቀን ወተት ላሰች። እማማ ግን እስከ ዛሬ አላመኑኝም። ለጎረቤቱ ሁሉ "ጥፋቴን በራሷ ላይ ያደረገችልኝ ልጅ" እያሉ ይመርቁኛል።