እህቴን ያስተኙበት ምድር ቤት

ልጄ ሶዶ ላይ የሠራው ቤት ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከሥሩ ምድር ቤት አለው። በቀደም ሠራተኞች ግድግዳውን በላስቲክና በፎም ሲሸፍኑ፣ «እማዬ፣ እዚህ ትሆኛለሽ፤ ደረጃም አያደክምሽም» አለኝ። የእርጥብ አፈሩ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ደሜ ፈላ። «ውሃው ወዴት ይሂድ ብላችሁ ነው የምትሸፍኑት?» ብዬ ጥያቸው ወጣሁ።

ያ ሽታ የድሮ ነገር ቀሰቀሰብኝ፤ ያኔ ገና ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ አስቴር አረካ አጠገብ ተድራ፣ በክረምቱ መጨረሻ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እኛ ዘንድ አራስ ቅቤ ትጠጣለች፣ ሙቅ ቦታ ትተኛለች፣ ሥራ የሚባል አትነካም። እኔም ልንከባከባት ከሻንቶ ተነሣሁ። መንገዱ ጭቃ ቢሆንም የበቆሎ እሸት ጥብስ እየጋጥኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ ነበር የሄድኩት። ልጅነት ደግ ነው።

ስደርስ እህቴን ላይ ቤት አጣኋት። አማቷ፣ የባሏ አባት አባባ ጮራሞ፣ ለአዲስ ዓመታችን ለጊፋታ እንግዳ ይመጣል ብለው ታች አውርደዋታል። ክፍሉ ከተዳፋቱ ጎን የተቆፈረ ነው። ግድግዳውን በእንሰት ቅጠል ለብደው በላዩ ላስቲክ ወጥረውበታል። ልክ የቆጮ ጉድጓድ! ሕፃኑ ያስላል። ፍራሹን ስዳብስ እጄ ረጠበ።

«አባባ፣ ልጁ እኮ መተንፈስ አቃተው!»

«ብርድ አይገባበትም» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ቆጮስ በቅጠል ተጠቅልሎ ይከርም የለ? ምን ሆነ?»

«ቆጮ የሚቀበረው እንዲቦካ ነው! እህቴንም ሊያቦኳት ነው?»

በወላይትኛ ነው የጮህኩት፤ በአማርኛ ሲጻፍ ለስለስ አለ። እህቴ «ዝም በይ፣ ትዳሬን ልታፈርሺ ነው?» እያለች ትቆነጥጠኛለች። እኔ ከምግቧ አጠገብ የነበረውን ቢላዋ አንሥቼ ላስቲኩን ሰነጠቅሁት። ከጀርባው የተጠራቀመው ውሃ ከበሰበሰው ቅጠል ጋር እግራችን ላይ ተዘረገፈ። ሽታውን ተዉት።

አባባ ጮራሞ ምን አሉ ይመስላችኋል?

«አዲሱን ላስቲክ!»

የገዛ ልጃቸው ልጅ እያቃሰተ፣ ላስቲክ! ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ጩኸቱን ሰምተው ቀድመው የመጡት የጊፋታ እንግዶች ከላይ ቤት ወረዱ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ውሃውን አዩ፣ ፍራሹን ነኩ፣ ከዚያ ሕፃኑን ከነመጠቅለያው ታቅፈው ወደ ላይ ወጡ። እህቴም ተከተለቻቸው። አማቷ እንግዳ ፊት ምን ብለው ይከልክሉ? የዚያን ዓመት ጊፋታ አራሷ እሳቱ ዳር ተኝታ፣ አባባ ጮራሞና እንግዶቻቸው ጥግ ለጥግ ተጠባብበው አለፈ። ሳሉ ሕፃኑን ቶሎ ባይለቀውም ተረፈ። እኔ ግን ባለጌ ተብዬ፣ ያንን ደጃፍ ለዓመታት አልረገጥኩም።

ልጄ ትናንት ፎሙን አስነሥቶ ከቤቱ ጀርባ ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። ውሃው መንገድ ካገኘ ጥሩ ነው፤ እሰየው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቤት በጠበበ ቁጥር፣ አፍ አውጥታ እምቢ የማትለዋ ለምንድን ነው ወደ ታች የምትወርደው?

«አሁንስ ትገቢያለሽ?» አለኝ።

«መጀመሪያ አንተና ሚስትህ ክረምቱን ክረሙበት» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።