እኅቴን ልቀብር ስሄድ መኪና ሊሸጥልኝ የሞከረው ሰው

ያለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ቡሬ ከተማ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ዓይኔ በልቅሶ አብጦ፣ አንድ መኪና ሻጭ ፊት ቆሜ ነበር... እሱ ስለ ወንበሩ ቆዳ ያስረዳኛል።

ጠዋት ነው መርዶዬን ያረዱኝ። ታላቅ እኅቴ ዱርቤቴ አርፋለች። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው ተባለ። ከፍኖተ ሰላም እኔና ባለቤቴ በራሳችን መኪና ተነሣን። መኪናችን በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት። መብራት ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ቤት አልሞላናትም። ቡሬ መሙያ ጣቢያ አለ፣ እዚያ እንሞላለን ብለን ወጣን።

መኪናዋን የገዛናት አባቴ ያወረሰኝን ባሕር ዛፍ ሸጠን ነው። ባለቤቴ በቤንዚን ሰልፍ መዋል ሰልችቶት ነበር። ባሕር ዳር የሸጠልን ልጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ጨመረብን፤ መጀመሪያ ዶላሩ ነው አለ፣ ቀጥሎ መርከቡ ነው አለ። እሺ አልን። ባለቤቴ ግን በበሬ ገበያ ያደገ ሰው ነውና እንደ አገራችን ወግ «ዋስ ጥራ» አለው። እኛ ዘንድ በሬ የሚሸጥ ሰው ዋስ ያቆማል። በሬው ቢዋጋ፣ ቀንበር ሲጭኑበት ቢተኛ፣ ዋሱ ይጠየቃል።

ልጁ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በሬ አይደለም! የትም ጣቢያ ገብታችሁ ትሞላላችሁ... ማርያምን!»

ማርያምን ካለ በኋላ ምን ይባላል? የእመቤታችንን ስም ዋስ አድርገን ፈረምን። ሞኝነታችን ይሄ ነው።

ቡሬ ስንደርስ ጣቢያው ክፍት ነው፣ መብራትም አለ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ባለቤቴ ገመዱን ሰካው፤ ልክክ ብሎ ገጠመ። ማሽኑ ግን ካርድ ጠየቀ። እዚያው ግቢ ውስጥ ካለው የመኪና መሸጫ አዳራሽ ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ብቅ አለ።

«ይሄ ከእኛ የተገዛ አይደለም። ከእኛ ላልገዛ አንሞላም።»

«እጥፍ እንከፍላለን» አለ ባለቤቴ።

«የገንዘብ ጉዳይ አይደለም ጋሼ። ሲስተሙ ነው።»

አጠገባችን የሚሞላ አንድ የእንጅባራ ነጋዴ ነበር። ነጠላዬን አይቶ ገባው። «በእኔ ካርድ ይሙሉ በቃ! ሴትዮዋ ለቅሶ ላይ ናት፣ አታይም እንዴ?» አለው።

«ካርዱ ከታርጋዎ ጋር የታሰረ ነው። ለሌላ ሰው ከሰጡ ይዘጋብዎታል።»

ነጋዴው ራሱ ያጠፋ ይመስል አንገቱን ደፋ። ባለቤቴ ባሕር ዳር ደወለ። ያ ማርያምን ያለው ልጅ በሦስተኛው ጥሪ አነሣ። «ያኔ ይሞላ ነበር እኮ፣ በኋላ ነው የዘጉት» ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ የቡሬው ሻጭ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ፣ ነፍስ ይማር። ግን ከዚህ መኪና ለምን አይገላገሉም? የእርስዎን በግማሽ ዋጋ እንወስደዋለን፣ ቀሪውን ቀስ ብላችሁ ትከፍላላችሁ። ያችን ነጯን መኪና አሁኑኑ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሙሉ ናት። ወንበሯን ይዩት፣ ቆዳው ውኃ አያስገባም።»

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። «ልጄ፣ የእኅቴ ሬሳ ገና ከቤት አልወጣም» አልኩት።

«ለዚህ እኮ ነው የምልዎት! በፍጥነት ይደርሳሉ!»

ባለቤቴ ሊማታ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ሻጩ ወደኋላ እያለ እንኳ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀ። «አለቃዬን ላስፈቅድ እሞክራለሁ፣ ከተፈቀደ እደውላለሁ» አለ። እንዲሞላልን የሚያስፈቅድ መስሎኝ ሰጠሁት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አልደወለም። መኪናዋን አጥሩ ጥግ ትተን ወደ መናኸሪያ ሮጥን። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሌላ አንድ ሰዓት። እንጅባራ ላይ ወርደን ሌላ ጠበቅን። ዳንግላ ላይ ዝናብ ያዘን።

ዱርቤቴ ስንደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በር እየወጣ ነበር።

የእኅቴ ልጅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አክስቴ፣ እስከ ዘጠኝ ተኩል ጠበቅንሽ... ዝናቡ መጣ... ካህናቱ ከዚህ በላይ አይቆይም አሉ...»

እኅቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት። እኔ ግን ሬሳዋን አልሸኘሁም። ርጥብ አፈር ላይ ተደፍቼ ያለቀስኩት ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበረበት። ቡሬ ላይ መብራት ነበረ፣ ገመድ ነበረ፣ መክፈያ ነበረን። የጎደለው አንድ የሰው ፈቃድ ነው።

ቅዳሜ ሰልስት ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጮኸ። የዚህ ስልክ ድምፅ ጆሮ ላይ አይቀርም፣ አጠገቤ ያለ ሁሉ ይሰማዋል።

«እናቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? አስፈቀድኩልዎ!»

መኪናችን አሁንም እዚያው ናትና ልቤን ትንሽ ደስ አለው። «እንዲሞላልን?»

«ኧረ ቅናሹን! ነጯን! ግን እስከ ነገ ብቻ ነው።»

ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ «ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ነጯን ብገዛ፣ ባሕር ዳር ስደርስ የሌሎቹ ሻጮች ጣቢያ ይሞላልኛል?»



«እሱን እንኳን... ከእነሱ ጋር ነው የምትነጋገሩት።»

«የእኅቴን ቀብርስ ከማን ጋር ልነጋገር?»

ስልኩን ዘጋው። እስካሁን መልሱን አላገኘም መሰለኝ፤ ዳግም አልደወለም።