ለእማማ የሻሽወርቅ የተገጠመው ራዲያተር

ዘርይሁን የሰው ሕንፃ ማሞቂያ ቦይለር ሲጠግን አሥር ዓመት ኖሮ፣ በፈረንጆቹ 1996 በስደት አገሩ፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር ውስጥ የራሱን አሮጌ ቤት ገዛ። ከኋላ ከተቀጠለችው ክፍል በቀር ሁሉም ሙቅ ውሃ የሚዞርበት የብረት ማሞቂያ፣ ራዲያተር፣ አለው። እሱ ደግሞ ለእናቱ ለወይዘሮ የሻሽወርቅ ያሰበው ያቺኑ ክፍል ነው፤ ጠዋት ፀሐይ የምታገኝ እሷ ብቻ ናትና። ቪዛቸው ወጥቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባሉ።

«የእማዬ ጉልበት ብርድ አይችልም» ይለን ነበር እኛን ጓደኞቹን፣ ባገኘን ቁጥር።

ማክሰኞ ዕለት ለልብ ጓደኛው ለባልቻ ከደብረ ሲና ተደወለለት። ወይዘሮ የሻሽወርቅ አርፈዋል። መቼም ብቻውን ለሚኖር ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ሁሉም ከሥራ የሚያርፈው እሑድ ስለሆነ፣ እሑድ ማለዳ ተሰብስበን ልንነግረው ተስማማን።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ራሱ ኮል አደረገልን። «ራዲያተሩን አገኘሁት! ለብቻዬ አይነሣም፣ ኑ!»

እምቢ ብንል ይጠረጥራል። ባልቻና እኔ ሄድን።

የማሞቂያውን መስመር ውሃ ከምድር ቤቱ፣ ከቤዝመንት፣ አፍስሶ ጠበቀን። ቧንቧውን ቆርጦ ወደ ክፍሏ ቅጥያ አወጣ፤ እኛ ብረቱን ተሸክመን ግድግዳው ሥር አቆምነው። ባልቻ እዚያው አቀርቅሮ ቀረ።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል? ወገብህ ነው? ቻለው፣ እማዬ ስትመጣ በቅቤ ታሽልሃለች!»

«እሺ» አለ ባልቻ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ዘርይሁን መስመሩን መልሶ ሞላ፤ ቦይለሩን አስነሣ። ራዲያተሩ ጎን ያለችውን ማስተንፈሻ በትንሽ ቁልፍ ከፈተ። አየሩ እየተንሿሿ ወጣ፤ ውሃ ጠብ ሲል ዘጋት። ከዚያ እጃችንን እየጎተተ ብረቱ ላይ አስቀመጠ። «ሞቀ አይደል? ሞቀ!»

እሑድ ሲነጋጋ አሥራ አምስት ሆነን አንኳኳን። ከፈተ፤ ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች አየ። አፋችንን ሳንከፍት እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣለት «መቼ?» አለ።

«ማክሰኞ።»

ወደ ባልቻ ዞረ። «ትናንት ስትሸከም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ባስቆምከኝ?»

ባልቻ አንገቱን ደፋ። 

ሳሎኑ ስለጠበበ ፍራሽ ያነጠፍነው እዚያችው ክፍል ነበር። ለቀስተኛው ሲበዛ ክፍሏ ታፈነች፤ አንዲት እናት የራዲያተሩን ቫልቭ ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ። ቀኑን ሙሉ ያልተንቀሳቀሰው ዘርይሁን ከፍራሹ ብድግ አለ።

«ይተዉት እማማ፣ ይሙቅ» አላቸው። «የእሷ ነው።»