ማልታ የደረሰችኝ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ስልክ ተደወለላት። እናቷ ነበረች። ልጅቷ አፏን በእጇ ከልላ በጉራጊኛ ሁለት ቃል መለሰችና ቶሎ ዘጋችው። የሰረቀች ይመስል ዙሪያዋን ቃኘች። የተማርኩባት ቡታጅራ ትዝ አለችኝ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የታሪክ መምህራችን ከሩቅ ተመድበው የመጡ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ክፉ ሕግ ግን ነበራቸው፤ ክፍል ውስጥ ጉራጊኛ ያመለጠው ተንበርክኮ ይማራል። አንድ ቀን፣ ስለ አንድ አገር አጥንተን ክፍሉ ፊት እንድንናገር፣ የአገሮችን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ዕጣ አስወጡን። ለአንዱ ግብፅ፣ ለሌላው ግሪክ ሲደርስ ለእኔ ማልታ ደረሰችኝ። ካርታው ላይ ከጣልያን በታች ባሕሩ መሃል ያለች ነጥብ ናት።

«አይዞሽ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃሻል» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እልህ ያዘኝ።

ቤተ መጻሕፍት ስለ ማልታ ግማሽ ገጽ ብቻ አገኘሁ። የተማሩት በጣልያንኛ ሲጽፉና ሲፈርዱ፣ ኋላም እንግሊዝኛ ሲጨመር፣ የአገሬው ቋንቋ የወጥ ቤት ቋንቋ ተብሎ ለዘመናት ተንቆ ነበር። ጥቂት ግትሮች ግን መዝገበ ቃላት አዘጋጁለት፣ ግጥም ጻፉበት፤ በመጨረሻ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ይህችን ሦስቴ አነበብኳት።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ጎረቤታችን ሐጂ ነስሩ ከቆሼ ገበያ ያመጡትን በርበሬ ደጃቸው ላይ አስጥተው፣ መንገደኛው ሁሉ እያነጠሰ ያልፋል። በወጣትነታቸው ዓደን ወደብ ሠርተዋልና ጠየቅኋቸው።

«የማልታ መርከበኛ? ወላሂ አውቃለሁ!» አሉ። «ክርስቲያን ነው፤ ሲናገር ግን ዓረብ ይመስላል። እንደ አማርኛውም ደምን ደም፣ ራስን ራስ፣ ዓይንን ዓይን ይላል።»

«አያፍርበትም?»

«የምን ማፈር፣ ልጄ? አለቃው በእንግሊዝኛ ሲሰድበው በራሱ ቋንቋ ነበር የሚመልስለት!»

ተራዬ ሲደርስ እነዚያን ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፍኳቸው። ሁለቱ ደቂቃ አለፈ፤ የሳቀ የለም። መምህሩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማልታዎች መጽሐፍ አላቸው። መጽሐፍ የሌለው ቋንቋ የጓዳ ነው።»

«የእነሱም እስኪጻፍ ድረስ የጓዳ ነበር፣ ቲቸር» አልኩና ወደ ክፍሉ ዞሬ የቀረውን በጉራጊኛ ጨረስኩት። 

«ተንበርከኪ!»

«አልንበረከክም።»

«እንግዲያው ውጪ! ወላጅ ሳትይዢ እንዳትመጪ!»

በሩ ጋ ስደርስ ከኋላ ወንበር ዘሀራ ጮክ ብላ ጠራችኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ተንበርክካ የዋለችው፣ ድምጿ የማይሰማው ልጅ ናት። «ደብተርሽን ረስተሻል» አለችኝ፤ በጉራጊኛ። እሷም ተባረረች። ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመን፣ ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆብን፣ ደወል እስኪደወል ቆየን።

አባቴ ነገር የማይወድ ገበሬ ነበር። «ይቅርታ ጠይቂና ተማሪ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ሦስት ቀን ቆጮ እየበላሁ ቤት ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ንጹሕ ጋቢውን ለበሰና «ተነሽ» አለኝ።

መምህሩ ፊት ቆሞ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ ተናገረ። «መምህር፣ ልጄ ሰው አልሰደበችም። አማርኛዬ እዚህ ድረስ ነው። የቀረውን በጉራጊኛ ልንገርዎት?»

 የመምህሩ ፊት ቀላ። ከዚያ እኔን ሳያዩ «ግቢ» አሉኝ፤ በማግስቱ ዘሀራም ተመለሰች።

ለማልታ ዜሮ ሰጡኝ፤ በዚያው ከአንደኛ ወደ አራተኛ ወረድኩ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ግን ከዚያ በኋላ በጉራጊኛ የተነሳ የተንበረከከ ተማሪ አላየሁም።

ኋላ ወልቂጤ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ አረጀሁ። በተሰባበረ አማርኛ ሲጀምር ወንጀለኛ የሚመስል ሽማግሌ በቋንቋው ሲናገር አንገቱን ቀና ሲያደርግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በጡረታዬ የእናቴን የጉራጊኛ ቃላት እየሰበሰብኩ፣ ትርጉማቸውን እጽፋለሁ። ልጆቼ «ማን ሊያነበው ነው?» ይሉኛል። አላውቅም። አንባቢው እስኪወለድ ግን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም፤ ዛሬ ጠዋትም አሥራ አንድ ቃል ጽፌአለሁ።